የዳማው ዓመል

አይሱዙው ዳገቱን ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው ወደ ኋላ ሸርተት አለ። ረዳቱ ታኮ ይዞ ዘለለና ከጎማው ሥር ሸጎጠ። በሾፌሩና በሃምሳ አለቃ ወልደሩፋኤል መካከል ተጣበው የተቀመጡት እትዬ አልጋነሽ እንደ ሌላው መንገደኛ ብረት አልጨበጡም፤ ሁለት እጃቸውን መቀነታቸው ላይ ጫኑ።

«አይዞዎት እትዬ፣ ይወጣዋል» አሉ ሃምሳ አለቃ።

«እኔ ገደል ብገባ ልጆቼ ያለቅሳሉ። ይህ ገንዘብ ገደል ቢገባ ግን እድሩ መቃብሬ ድረስ ይከተለኛል።»

ሾፌሩ ሳቀ። ሞተሩ አጓርቶ መኪናው ጭቃውን ወደ ኋላ እየተፋ ወጣ።

ወሩ ኅዳር፣ ዘመኑ ሁለት ሺህ አሥራ አራት ነበር። ከቢታ ገነት ወደ ሺሺንዳ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የቀላ ቡና በየደጁ ተሰጥቷል። በዚያ ሰሞን ቦንጋ አዲስ የሚመሠረተውን ክልል ልትቀበል ሽር ጉድ ትል ስለነበር የሾፌሩ ሬዲዮ ከዚያ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ከየወረዳው ፈረሰኛ ይመጣል፣ ፈረሱም ሰውም አጊጦ በአደባባይ ያልፋል ይላል። ይህን የሰማ ሁሉ ደስ ይለዋል። ሁለቱን መንገደኞች ግን አስጨነቃቸው፤ እነሱም ፈረስ ሊገዙ ነበር የሚሄዱት።

«ለበዓሉ ነው?» አለ ሾፌሩ፣ ከአገጩ ሥር የተንጠለጠለውን ጭምብል እያከከ።

«ለነፍሰ ጡር ነው» አሉ እትዬ አልጋነሽ። ሾፌሩ ቀልድ መስሎት ሊስቅ ሲል ፊታቸውን አየና ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ።

ቀልድ አልነበረም። የነሱ መንደር ከወንዝ ማዶ ነው፤ መኪና አይደርስም። የታመመ ሰውና ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ፣ በወንዶች ትከሻ ነው የሚወጡት። ባለፈው ክረምት የእትዬ አልጋነሽ ምራት ዝማሬ በዚያ ቃሬዛ ላይ ተኝታ ወንዙ ዳር ደርሳ ነበር። ወንዙ ሞልቷል። በላይ በኩል ዞረው የሚደርሱበት የግንድ ድልድይ ቢኖርም ሰው ተሸክሞ ለሚሄድ ሩቅ ነው። ተሸካሚዎቹ ውኃው እስኪጎድል ተቀመጡ። ውኃው ሲጎድል ዝማሬም፣ በሆዷ የነበረውም አልነበሩም።

ከቀብሩ በኋላ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሔርሜላ በእድሩ ስብሰባ መካከል ቆመች። «ምጥ እስኪመጣ ለምን እንጠብቃለን? ወሯ የገባ እናት አስቀድማ ጤና ጣቢያው ማቆያ ክፍል ትግባ። እኔ የምለምናችሁ በላይኛው መንገድ አዙሮ የሚያደርሳት እንስሳ ብቻ ነው» አለች። ያ እድር ለሞተ እንጂ ለሚኖር ገንዘብ አውጥቶ አያውቅም ነበር። ሲከራከር ዋለና ለመጀመሪያ ጊዜ አወጣ። አሥራ ስምንት ሺህ ብር ተዋጥቶ በገንዘብ ያዧ በእትዬ አልጋነሽ መቀነት ተቋጠረ። የእድሩ ዳኛ ሃምሳ አለቃ ወልደሩፋኤል በቀድሞው ጦር ስንቅ የሚጭኑ እንስሳትን ይመሩ ስለነበር ፈረሱን እንዲመርጡ ታዘዙ። የዝማሬ ባል አብነትም እንዲሄድ ተጠይቆ ነበር። «ፈረሱ ለእኔ ዘግይቷል» ብሎ ከቤቱ አልወጣም።

ሺሺንዳ ሲደርሱ የፈሩት ጠበቃቸው። የፈረስ ተራው ላይ የቆሙት ጥቂት ናቸው፤ ባለፈው ወር አሥራ አራት ሺህ ይባል የነበረው ፈረስ ዛሬ ሃያ ይጠራበታል። ደህና ደህናው ሁሉ ግንባሩ ላይ ባለ ቀለም ጥብጣብ ታስሮለት ወደ ቦንጋ ሊጫን ተዘጋጅቷል። ሃምሳ አለቃ አንዱን እግሩን፣ አንዱን ጀርባውን እያዩ «ይህ አያደርስም» እያሉ አለፉ። ያን ጊዜ ማዕረግ የሚባል ደላላ፣ ጫማው ከፊቱ ይበልጥ የሚያበራ ጎልማሳ፣ ከኋላቸው ደረሰ።

«እናንተ የምትፈልጉት ገበያ አልወጣም። ከነጋዴ ቤት ነው ያለው። ኑ ላሳያችሁ።»

ያሲር ኮረሪማና ማር እየሰበሰበ የሚሸጥ ወጣት ነጋዴ ነው። ሱቁ ከመንገዱ ዳር ሆኖ ከጓሮው በሳንቃ የተሠራች ጠባብ ጋጣ አለች። በሯ ሲከፈት ሃምሳ አለቃ ሳያስቡት ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሦስት ዓመት ያለፈው ዳማ ፈረስ፣ ደረቱ ሰፊ፣ እግሩ ጠንካራ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ቦራ ያለው፣ አንገቱን አዙሮ አያቸው። አልፈራም፣ አልተቆጣምም።

«ተገርቷል?» አሉ።

«አባቴ ነው የገራው» አለ ያሲር።

ሃምሳ አለቃ ገቡ። ኮቴውን አነሱ፤ እግሩን ከላይ እስከ ታች በመዳፋቸው ወረዱት፤ ጆሯቸውን ከጎድኑ ላይ አድርገው ትንፋሹን አዳመጡ። በመጨረሻ ከንፈሩን ገልጠው ጥርሱን አዩ። እዚያ ላይ እጃቸው ቆም አለ። ከዚያ ከንፈሩን መልሰው ለቀቁና አንገቱን መታ መታ አደረጉት።

«እንዴት ነው?» አሉ እትዬ አልጋነሽ።

«ሸጋ ነው» አሉ ሃምሳ አለቃ፣ ወደ ሌላ እያዩ።

ያሲር ሃያ ሺህ ጠራ። ማዕረግ «ለእድር ስለሆነ ነው እንጂ!» እያለ ሁሉንም ወደ ሱቁ ይዞ ሄደ። እትዬ አልጋነሽ ግን መንገዱ ስላደከማቸው ከጋጣዋ ፊት ለፊት በነበረ ጆንያ ላይ አረፍ አሉ። ከሱቁ የድርድር ድምፅ ይሰማል፤ ጓሮው ፀጥ ብሏል።

ዳማው ለጥቂት ጊዜ ጆሮውን ወደ ሱቁ አቅንቶ ቆየ። ሰው የሄደ ሲመስለው ወደ ግርግሙ ተጠጋ፤ የፊት ጥርሱን በሳንቃው ጠርዝ ላይ ተከለ፤ አንገቱን እንደ ቀስት አጉብጦ ወደ ኋላ ሳበና «እህክ!» ብሎ ንፋስ ዋጠ። ለቀቀው። እንደገና ነከሰው። «እህክ!» እትዬ አልጋነሽ ተነሥተው ቀረቡ። ሳንቃው በማጭድ እንደተገመሰ ሁሉ ጎድጉዷል፤ ከጎኑ ያለው ጠርዝ በቆርቆሮ ተለብዷል። በፈረሱ ጉሮሮ ዙሪያ ደግሞ ጠፍር የላጠው ቀጭን መስመር አለ።

ሱቁ ውስጥ ሲገቡ ዋጋው አሥራ ዘጠኝ ደርሶ ነበር።

«ግርግሙን ማን ነው የበላው?» አሉ።

ማዕረግ ሳይደናገጥ «አይጥ ነው እናቴ። ኮረሪማ ያለበት ቤት አይጥ አይጠፋም» አለ።

«አንገቱ ላይ ጠፍር የምታስሩለት ለአይጡ ነው?»

ማዕረግ አፉን ከፈተ፤ ግን ያሲር በእጁ ምልክት አስቆመው። ወጣቱ ነጋዴ ፊቱ ቀልቶ ሚዛኑን ገፋ አደረገና «እሱ ነው» አለ። «እንጨት ይነክሳል። ንፋስ ይውጣል። ባለፈው ክረምት አባቴ ታመመ፤ ከዚያ ሞተ። ከዚያ በፊት በየቀኑ ይዞት ይወጣ ነበር። እኔ ሱቁን ትቼ አልወጣ፣ ፈረሱም ከዚያች ጋጣ አልወጣ። አንድ ቀን ገብቼ ሳየው እንጨቱን ነክሶ ቆሟል። ቆርቆሮ ለበድኩ፣ ጠፍር አሰርኩ። አልተወም።»

እትዬ አልጋነሽ ወደ ሃምሳ አለቃ ዞሩ። «እርስዎ ጥርሱን ሲገልጡ አይተዋል።»

«አይቻለሁ» አሉ ሃምሳ አለቃ፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያሽከረከሩ። «የፊት ጥርሱ ጠርዝ ተበልቷል።»

«አይተው ነው ሸጋ ያሉኝ?»

«ሸጋማ ነው።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ሊነጋገሩ ወደ ጓሮው ወጡ። ሰው እንዳይሰማቸው አማርኛውን ትተው በካፊኖኖ ጀመሩ። ያሲር በሩ አጠገብ ኮረሪማ ከጆንያ ጆንያ ይገለብጥ ነበር፤ አባቱ ከወልቂጤ በኩል የመጣ ነጋዴ መሆኑን ማዕረግ አስቀድሞ ስለነገራቸው ከቁም ነገር አልቆጠሩትም።

«ይሰሙኝ እትዬ፤ እንዲህ ዓይነት ፈረስ እኔ ዘንድ ነበር» አሉ ሃምሳ አለቃ። «ዓመሉን ፈጽሞ አልተወም። ግን ከጓደኞቹ ጋር መስክ ሲውል ይቀንስለት ነበር። አርጅቶ እስኪሞት ጭኗል። የዚህም በሽታው ብቸኝነት ነው።»

«ንፋስ የዋጠ ሆድ አይነፋም? አይቆርጠውም?»

«አንዳንዴ ይቆርጠዋል። አልዋሽዎትም።»

«ዓመል ያወጣል ከመሐል ይባላል፤ እርስዎ ዓመለኛውን ወደ መሐል ሊያመጡልኝ ነው!» አሉ እትዬ አልጋነሽ ድምፃቸው እየከረረ። «የገንዘቡ ብቻ መሰለዎት? ሴቲቱ ወሯ ገብቶ፣ ዕቃዋን ሸክፋ፣ ፈረሱ ሆዱን ቆርጦት መሬት ላይ ቢንከባለል ምን እላታለሁ? እኔ ዝማሬን በዚያ ወንዝ ዳር እጇን ይዤ ነበር። ‹እማዬ፣ ውኃው ጎደለ ወይ?› ነበር የምትለኝ። ‹እየጎደለ ነው› እላት ነበር። እየሞላ ነበር፣ ሃምሳ አለቃ። ሁለተኛ ሴት ልዋሽ ነው?»

ከበሩ በኩል ኮረሪማው መንኳኳቱን አቁሞ ነበር።

«ነፍስ ይማር፣ እናቴ» አለ ያሲር። የተናገረው በካፊኖኖ ነው፤ እንደ ሀገሬው ልጅ አጥርቶ። ሁለቱም ደንግጠው ዞሩ። «እዚሁ ነው የተወለድኩት። ቀድሜ ማሳወቅ ነበረብኝ፤ አፍሬ ነው ዝም ያልኩት።» ወደ ጋጣዋ ሄዶ ዳማውን ፈታ። ለኮውን በእትዬ አልጋነሽ እጅ ላይ አኖረ። «ዛሬ አብሯችሁ ይዋል። ያሻችሁን አድርጋችሁ እዩት። ስለ ዋጋው ከዚያ በኋላ እናወራለን።»

ከገበያው ታች፣ ጅረቱ አጠገብ ባለው መስክ የጭነት ፈረሶች ተለቀው ይግጣሉ። ዳማውን እዚያ ወሰዱት። መጀመሪያ ሣሩን እንደማያውቀው ሁሉ ቆሞ ቀረ። ወደ አጥሩ ሄዶ አግዳሚውን ነከሰና «እህክ!» አለ። እትዬ አልጋነሽ ሃምሳ አለቃን ገላመጧቸው። ሃምሳ አለቃ ሰማይ ሰማይ አዩ።

ከፈረሶቹ መካከል አንዲት አሮጊት ግራጫ ባዝራ ነበረች፤ ጀርባዋ የጎበጠ፣ የታችኛው ከንፈሯ የወረደ። እየጋጠች፣ ማንንም ሳታይ፣ ወደ ዳማው ቀረበች። ዳማው አፍንጫውን ዘረጋ። እሷ አንዴ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላ አስጠነቀቀችውና መጋጧን ቀጠለች። ከእግር ከእግሯ ተከተላት። እሷ የጋጠችበትን እሱም ጋጠ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ጉሮሮውን በጎባጣ ጀርባዋ ላይ አሳርፎ፣ ዓይኑን በግማሽ ጨፍኖ ቆሞ ነበር። አጥሩ ከአጠገቡ ነው። በመሐል አንድ ሁለት ጊዜ ሄዶ ነክሶታል፤ ግን ራሱ ትቶት ወደ እሷ ተመልሷል።

እትዬ አልጋነሽ ይህን ሁሉ ቁጭ ብለው አዩ። ከዚያ ተነሡና ነጠላቸውን ከወገባቸው ጠበቅ አደረጉ።

«አውጡኝ።»

«የት?»

«ፈረሱ ላይ ነዋ!»

ሃምሳ አለቃ አንድ ጆንያ አጥፈው በዳማው ጀርባ ላይ አነጠፉ፤ ከድንጋይ ላይ አስደግፈው አወጧቸው። እትዬ አልጋነሽ ከሠርጋቸው ቀን ወዲህ ፈረስ ላይ ወጥተው አያውቁም። ጋማውን ጨበጡና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ምን ያደርጋሉ እትዬ?»

«ሴቲቱ ዓይኗን ገልጣ መንገድ የምታይ መሰለዎት? ሕመም አለባት፤ ፍርሃት አለባት። እሷ እንደምትሆነው ልሁን። ይምሩኝ።»

ሃምሳ አለቃ መሩ። ዳማው ቀስ ብሎ፣ ኮቴውን መርጦ እየጣለ ሄደ። እትዬ አልጋነሽ በጨለማው ውስጥ ከሥራቸው የሚተነፍሰውን ሙቀት ብቻ ያውቃሉ። በጅረቱ ላይ በተጋደመው የግንድ መሻገሪያ ሲደርሱ ፈረሱ ቆመ፤ አሸተተ፤ ተነፈሰ። የኮቴው ድምፅ ከአፈር ወደ እንጨት ተለወጠ። ከሥር ውኃ ይጮኻል። ያ የውኃ ጩኸት ሲሰማቸው እትዬ አልጋነሽ ሰውነታቸው ራደና ወደ አንድ ጎን ተንሸራተቱ። «ልወድቅ ነው!» አላሉም። ፈረሱ ግን ክብደቱ ሲያዘነብል ተሰማው፤ ግንዱ ላይ እንዳለ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሃምሳ አለቃ ለኮውን ቢስቡም አልተንቀሳቀሰም። እትዬ አልጋነሽ ጋማውን ይዘው ራሳቸውን ሲያስተካክሉ፣ ያን ጊዜ ራሱ እርምጃውን ቀጠለ። ማዶ ሲደርሱ ዓይናቸውን ከፈቱ። ጉንጫቸው እርሶ ነበር።

«ምነው? ታመሙ?»

«ምንም። ይመልሱኝ።»

ሲመለሱ መስኩ ላይ ያሲርና ማዕረግ ከአንድ ሰው ጋር ቆመው አገኟቸው። ሳሙኤል ይባላል። ከሌላ ወረዳ ለበዓሉ ፈረስ እንዲያሰባስብ በኮሚቴ የተላከ፣ ስልኩን ከጆሮው የማያወርድ ሰው ነው። ዳማውን ከሩቅ አይቶ ነበር የመጣው።

«እማማ አሟቸው ነው?» አለ፤ መልስ ሳይጠብቅም ወደ ያሲር ዞረ። «ሃያ ሁለት ሺህ። አሁኑኑ። መኪናው እየጠበቀኝ ነው።»

ማዕረግ ፊቱ በራ። ሃምሳ አለቃ ባርኔጣቸውን አጠለቁ፤ ከዚህ በኋላ የነሱ ነገር አብቅቷል ብለው ነበር።

«ዓመል አለው» አለ ያሲር። «እንጨት ይነክሳል፤ ንፋስ ይውጣል።»

ሳሙኤል ሳቀ። «በአደባባይ እንጨት የለም ወንድሜ! የምፈልገው ለአንድ ቀን ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይሸጣል፤ ኮሚቴው ያስብበታል።»

ያሲር ፈረሱን አየ። ከሱ እጅ ወደ ኮሚቴው፣ ከኮሚቴው ወደ ማን እንደሆነ የማይታወቅ ሌላ ጋጣ ሲገባ፣ ቆርቆሮና ጠፍር ሲጠብቀው ታየው። ከዚያ ወደ እትዬ አልጋነሽ ዞረ። «እርስዎስ እናቴ፣ ምን ይላሉ?»

እትዬ አልጋነሽ ከፈረሱ ወርደው ነጠላቸውን አስተካከሉ። «በዓል ባይኖር፣ እሱም ዓመል ባይኖረው፣ ስንት ነበር ዋጋው?»

«አሥራ አራት ሺህ። አባቴ ቢኖር ከዚያ ሳንቲም አይጨምርም ነበር።»

«እንግዲያው አሥር እሰጥሃለሁ። አራቱን ለዓመሉ ቀንሻለሁ።»

ማዕረግ እንደተነከሰ ሰው ጮኸ። ሳሙኤልም ስልኩን ከጆሮው አወረደ። ሃምሳ አለቃ እንኳ «እትዬ!» ብለው ክንዳቸውን ያዟቸው።

«ቆዩ፣ አልጨረስኩም። የቀነስኩት ገንዘብ ወደ ቤቴ አይገባም።» ወደ ባዝራይቱ ባለቤት ዞሩ። ደጉ የሚባል ጫኝ ነው፤ ከአጥሩ ሥር ተቀምጦ ሸንኮራ ይልጥ ነበር። «ይቺን አሮጊት ስንት ትሸጣታለህ?»

ደጉ የሚያሾፉበት መሰለው። «እሷን? እናቴ፣ እሷ እኮ ከዛሬ ነገ ለጅብ ናት።»

«ስንት?»

«አራት ሺህ» አለ ደጉ፣ በዋጋው ራሱ አፍሮ።

«ይኸው፤ አራቱ ሺህ ለእሷ ነው» አሉ እትዬ አልጋነሽ ለያሲር። «ዓመሉ የመጣው ብቻውን ቆሞ ነው። ብቻውን ብወስደው ይዞት ይሄዳል። መድኃኒቱ እሷ ናት፤ የመድኃኒቱን ዋጋ ደግሞ ከበሽተኛው ዋጋ ላይ ነው የምቀንሰው። ጠቅላላ የምከፍለው ያው አሥራ አራት ነው፤ የደህና ፈረስ ዋጋ። ለአንተ የሚደርስህ ግን አሥር ነው። አይሆንም ካልክም አልቀየምህም። ሰውዬው ሃያ ሁለት ይሰጥሃል።»

ባዝራይቱ ከአጠገባቸው ሣር ትነጫለች።

ያሲር ዝቅ ብሎ ከእግሩ ሥር ሣር ነቀለና ለዳማው አጎረሰው። «አባቴ ብዙ ፈረስ ሸጧል» አለ በመጨረሻ። «ለማን እንደሚሸጥ ሳያውቅ ግን አይሸጥም ነበር። አሥር ሺህ። ውሰዱት።» ከዚያ አንድ ነገር ትዝ እንዳለው ቀና አለ። «ኮርቻውን ግን አልሰጥም። ኮርቻው የአባቴ ነው።»

«ማን ጠየቀህ!» አሉ እትዬ አልጋነሽ። ሁለቱም ሳቁ።

ሳሙኤል ትከሻውን ነቅንቆ ሌላ ፈረስ ፍለጋ ሄደ። ያሲር ገንዘቡን ሳይቆጥር ኪሱ ከተተ፤ ማዕረግ የድርሻውን ለመቁጠር ግን ጣቱን በምራቁ አርሶ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱ ሽማግሌዎች ሁለቱን ፈረሶች እየሳቡ ወደ ቢታ ገነት መንገድ ገቡ። ሰንደቅ ዓላማ ያንጠለጠሉ መኪኖች፣ ያጌጡ ፈረሶች የጫኑ አይሱዙዎች፣ እየዘፈኑ ወደ ቦንጋ ያልፏቸዋል። «አባባ፣ ወዲህ ነው! ቦንጋ በዚህ ነው!» እያሉ ወጣቶቹ በእጃቸው ይጠቁማሉ። ሃምሳ አለቃ መኪኖቹ ከዓይናቸው እስኪሰወሩ ቆመው ያዩ ነበር።

«ከፈለጉ ይሂዱ» አሉ እትዬ አልጋነሽ። «ለአንድ ቀን ነው። ፈረስ አበድርዎታለሁ።»

«ዳማውን?» አሉ ሃምሳ አለቃ፣ እንደ ወጣት ፊታቸው ፈክቶ።

«አሮጊቷን።»

ሃምሳ አለቃ ጉንጫቸውን ነፉ። ከዚያ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ዳገቱ ላይ ቆመው ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

መንደሩ እንዲህ አልሳቀም። አንዱ ፈረስ እንጨት ሲነክስ፣ ሌላዋ ስታነክስ ያዩ የእድሩ አባላት አጉረመረሙ። አንድ ሽማግሌ «ይቺን እንድንቀብራት ነው? እድራችን ፈረስም መቅበር ጀመረ?» አሉ። እትዬ አልጋነሽ ጋጣ አልሠሩም፤ በአብነት ደጅ ያለውን ሰፊ መስክ አሳጠሩና ሁለቱን አንድ ላይ ለቀቁ። አብነት መጀመሪያ ከበሩ ላይ ሆኖ ያያቸው ነበር። ከዚያ ውኃ ሊያጠጣቸው ወጣ። ከዚያ ዳማውን ወደ ላይኛው ድልድይ ወስዶ ሲያሻግረውና ሲመልሰው ታየ፤ አንዴ ብቻ አይደለም፣ በየቀኑ። ማንም አላዘዘውም፤ እናቱም አልጠየቁትም።

ክረምቱ ሲገባ ወንዙ እንደ ልማዱ ሞላ። የጎረቤታቸው ልጅ ዮሀና ወሯ ገብቶ ነበር። ሔርሜላ በጠዋት መጥታ «ዛሬ እንሂድ» አለች። አብነት ዳማውን ጫነ፤ ብርድ ልብስ አነጠፈ፤ ዮሀናን እንደ እንቁላል አንሥቶ አስቀመጣት። እትዬ አልጋነሽ ከኋላ በባዝራይቱ ላይ ሆነው ተከተሉ፤ ባዝራይቱ ካልተከተለች ዳማው ዞር ዞር እያለ መንገድ ያዘገያልና። ድልድዩ ላይ አብነት ቆም አለ። ታች የሚጮኸውን ቡናማ ውኃ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ለኮውን አጥብቆ ያዘና «ነይ ዮሀና፣ አትፍሪ» አላት፤ ተሻገሩ።

ዮሀና ማቆያው ክፍል ገብታ ሰነበተች። አብነትና እናቱ ስንቅ ይዘውላት በተመለሱ ዕለት ምጧ መጥቶ አገኙት። ፈረሶቹን ከጤና ጣቢያው አጥር ጎን አስረው ቁጭ አሉ። ዝናቡ ያካፋል። ከቆይታ በኋላ የጤና ጣቢያው ዘበኛ፣ ሐዲስ የሚባሉ ሽማግሌ፣ ዱላቸውን እያወዛወዙ መጡ።

«የማን ነው ይህ ፈረስ? አጥሩን ጨረሰው እኮ! አግዳሚው እንደ በቆሎ ተግጧል!»

አብነት ሊነሣ ሲል እናቱ ክንዱን ያዙት። በዚያች ቅጽበት ከውስጥ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ፤ ቀጭን፣ የተቆጣ፣ የማያባራ ልቅሶ። ዘበኛው ዱላቸውን ዝቅ አደረጉ። ዳማው ጥርሱን ከአግዳሚው ላይ አንሥቶ ጆሮውን ወደ መስኮቱ አቀና።

«ይብላው» አሉ እትዬ አልጋነሽ፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። «አጥሩን እድሩ ይሠራዋል።»